ወዶ ዘማች እና የሜይ ልምምድ

በሜይ 2021 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ለ32ቱ ክለቦቹ የላከው አንድ ማስታወሻ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነው።) ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተጫዋች ከክለቡ ግቢ ውጪ በራሱ ሲሠራ ከተጎዳ ጉዳቱ «ከፉትቦል ውጪ የደረሰ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ክለቡም የዚያን ዓመት ደሞዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ማስታወሻው በወጣበት ሰሞን የዴንቨር ብሮንኮሱ ታክል (ኳስ ወርዋሪውን ከተከላካዮች የሚጠብቅ ተጫዋች) ጃዋን ጄምስ ከክለቡ ውጪ ሲለማመድ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ነበር።

ጄምስ ጭፈራ ቤት አልነበረም። ሞተር ሳይክል ላይም አልነበረም። ሰውነቱን ለሥራው እያዘጋጀ ነበር። ለዚያ ዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ደሞዝ ነበረው፤ ክለቡ ግን በቀናት ውስጥ አሰናበተው። በዚያው ወር የዚያው ክለብ ተቀባይ ዴይሾን ሃሚልተን ከግቢው ውጪ ሲሠራ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። እሱም ተሰናበተ።

ለምን ከግቢው ውጪ ሆኑ? ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የብሮንኮስ ተጫዋቾች በማኅበራቸው በኩል በፈቃደኝነት ወደሚደረገው የጸደይ ልምምድ እንደማይሄዱ አስታውቀው ነበር። ከክለቦች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ነበሩ። ምክንያታቸው ኮቪድና ጉዳት ነበር። እንግዲህ ከጉዳት ለመሸሽ ከግቢው ቀሩ፣ ጉዳቱ ደግሞ ውጪ ጠበቃቸው፤ ከድጡ ወደ ማጡ። እኔን ያልለቀቀኝ ግን የዕድላቸው ነገር አይደለም። ሁላችንም «መለማመድ ይሻላል ወይስ መቅረት?» ብለን የምንጠይቀው ጥያቄ አጠያየቁ ራሱ የተሳሳተ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ያለ ትከሻ ፓድ ምን ይሰበራል?

ደንቡን ለማያውቅ አንባቢ፦ የጸደዩ ፕሮግራም ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ በሦስት ምዕራፍ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክብደት፣ ሩጫ፣ ስብሰባና ማገገሚያ ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ያሉት ሦስት ሳምንታት ሜዳ ላይ ይወጣሉ፤ አጥቂው ክፍል በተከላካዩ ላይ በሙሉ ፍጥነት አይወጣም፣ የቡድኑ ልምምድ በእርምጃ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ኦቲኤ (የተደራጀ የቡድን ልምምድ) የሚባሉት አሥር ቀናት ይገኛሉ። እዚህ ላይ ሄልሜት ይደረጋል፣ የትከሻ ፓድ አይደረግም፣ መጋጨት ክልክል ነው፤ ግን 7 በ7 እና 11 በ11 ይፈቀዳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግዴታ የሆነው የሦስት ቀን ሚኒካምፕ ብቻ ነው፤ ሦስቱንም ቀን የቀረ ወደ 100 ሺህ ዶላር ይቀጣል።

መጋጨት ከሌለ ታዲያ ማን ይጎዳል? ዝርዝሩ አጭር አይደለም። ማይክል ክራብትሪ በሜይ 2013 በኦቲኤ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ወደ ጨዋታ የተመለሰው በዲሴምበር ነው። የዳላሱ ሾን ሊ በሜይ 2014 በኦቲኤው የመጀመሪያ ቀን ጉልበቱ ሄደ፣ ሙሉውን ዓመት አጣ። ሃንተር ሄንሪ በሜይ 2018፣ ሩበን ፎስተር በሜይ 2019፣ ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለቱም ጉልበት። ፎስተር ከዚያ ወዲህ በኤንኤፍኤል መደበኛ ውድድር አልተሰለፈም።

የሾን ሊ ጉዳት ከክራብትሪና ከሄንሪ ይለያል፤ እሱ ላይ ሌላ ሰው ነበረበት፣ የሚያግደው አዲስ ተጫዋች። ደንቡ «አትጋጩ» ይላል፤ ነገር ግን 11 ሰው በ11 ሰው ላይ በፍጥነት ሲለቀቅ፣ በተለይ ሥራ ለማግኘት የመጣ አዲስ ልጅ ከነባሩ ፊት ሲቆም፣ «በዝግታ» የሚለው ቃል ፊሽካው እስኪነፋ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ሊጉም ያውቀዋል። ሲያትል በ2016 በጸደይ ልምምድ ከልክ ያለፈ መጋጨት በመፍቀዱ 400 ሺህ ዶላር ተቀጥቶ፣ አሰልጣኙ ፒት ካሮልም ለብቻው 200 ሺህ ተቀጥቶ፣ ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት በአምስተኛው ዙር አዲስ ተጫዋች የመምረጥ መብቱንም ተነጠቀ። ክለቦች የማይፈልጉትን ነገር ለመከልከል ሊጉ ይህን ያህል አይቀጣም። አሰልጣኞች መጋጨቱን ይፈልጉታል።

የክራብትሪና የሄንሪ ጉዳት ግን ማንም ሳይነካቸው የመጣ ነው። የተረከዝ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ተጫዋቹ እግሩን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉልበቱን ዘርግቶ፣ በዚያው እግር ወደፊት ሲስፈነጠር ነው። ታክል በእያንዳንዱ ጨዋታ የሚሠራው እንቅስቃሴ ይህ ነው። ፓድ ይህን አያድንም፣ የሚያድነው አስቀድሞ የተገነባ ጅማት ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው።

አሥራ ሁለቱ ቀናት

በ2011 በሥራ ስምምነት ላይ ሳይግባቡ ቀርተው ክለቦቹ ተጫዋቾቹን ቆለፉባቸው። ከማርች 12 እስከ ጁላይ 25 የክለቡን ደጃፍ መርገጥ፣ ከአሰልጣኝ ጋር መነጋገር፣ በወጌሻ መታየት፣ ሁሉም ተከለከለ። ጸደዩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ስምምነቱ ተፈርሞ ካምፕ፣ ከውድድሩ በፊት ያለው ዋናው ዝግጅት፣ በቀናት ውስጥ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት አሥር ተጫዋቾች የተረከዝ ጅማታቸው ተበጠሰ። በቀጣዮቹ 17 ቀናት ሁለት ተጨመሩ። ማነጻጸሪያ ይሁናችሁ፤ ከ1997 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት በመላው ሊግ የተመዘገበው 31 ነበር፣ በዓመት አምስት ገደማ። የሁለት ዓመቱን በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጨረሱት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህን ቁጥር ሳይ ጥያቄው የተቀየረብኝ ለዚህ ነው። በሜይ ያልተከፈለ ዕዳ በጁላይ ከነወለዱ ይመጣል። ልምምዱ ሲቀር አደጋው የሚጠፋ ይመስለን ነበር፤ ቦታና ወር ነው የሚቀይረው። ጄምስ ላይ ቦታ ቀየረ፣ ከክለቡ ሜዳ ወደ ግል ልምምድ። የ2011 ሰዎች ላይ ወር ቀየረ።

ማኅበሩ ለዚህ መልስ አለው፣ ቀላል መልስም አይደለም። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ጸደዩ በቪዲዮ ብቻ አለፈ። የያኔው የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንትና የክሊቭላንዱ ሴንተር (ኳሱን የሚያስጀምረው ተጫዋች) ጄሲ ትሬተር በዚያ ዓመት የአንጎል መናወጥም ሌላው ጉዳትም ቀንሷል ብሎ ጻፈ፣ ተከራከረ። ጨዋታውም አልተበላሸም፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት በሊጉ ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ ተቆጠረ። በ2011ም ቢሆን ያለ ጸደይ ልምምድ ሦስት ኳርተርባኮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፣ ድሩ ብሪስ፣ ቶም ብሬዲና ማቲው ስታፎርድ፣ እያንዳንዳቸው ከ5,000 ያርድ በላይ ወርውረዋል።

ይህን ሁለት ከፍዬ ነው የማየው። የጨዋታ ጥራቱን በተመለከተ ትሬተር ትክክል ይመስለኛል። «ኦቲኤ ከሌለ ቡድኑ አይግባባም» የሚለው የአሰልጣኞች ክርክር ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ብሪስ በ2011 የኒው ኦርሊንስን ተጫዋቾች ራሱ ሰብስቦ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ አለማምዷል፤ መግባባት የሚፈልግ ሰው መንገድ አያጣም። ጉዳቱን በተመለከተ ግን በ2020 የቀረው ጸደይ ብቻ አልነበረም። የቅድመ ውድድር ጨዋታዎቹም በሙሉ ተሰርዘዋል፤ ካምፑም ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ ፓድ የሚዘገይበት ነበር። አንጎልን የሚያናውጠው በኦገስት ጨዋታና ካምፕ ውስጥ ያለው ግጭት ነው። እሱን አንስቶ ምስጋናውን ለሜይ መስጠት፣ ዝናቡ ቆሞ ጃንጥላው ተመሰገነ እንደማለት ነው። 2011 እና 2020ን የለያቸው የጸደዩ መቅረት አይደለም፤ ሁለቱም ላይ ቀርቷል። የለያቸው ካምፑ እንዴት እንደተከፈተ ነው።

ጅማት አይቸኩልም

ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ደም በብዛት አይደርሰውም፣ ራሱን የሚያድሰው በዝግታ ነው። ችግሩ የሚወለደው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው፦ ስድስት ሳምንት ጂም የሠራ ሰው ባቱ አብጦ፣ እግሩ ፈጥኖ፣ «ዝግጁ ነኝ» ይላል፤ ጡንቻው እውነቱን ነው፣ ጅማቱ ግን ገና የፌብሩዋሪ ጅማት ነው።

የኋላ ጭን ጡንቻም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1998 እስከ 2007 በኤንኤፍኤል በተመዘገቡ 1,716 የኋላ ጭን ጉዳቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት በሰባቱ የቅድመ ውድድር ሳምንታት ውስጥ እንደደረሱ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በግል የሚሠራ ሰው ብዙ ይሮጣል፣ ግን በሙሉ ፍጥነቱ አይሮጥም፤ የሚያሳድደው የለማ። ካምፕ ሲገባ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍጥነቱን ጣሪያ ይነካል፣ በዚያው ቀን ሠላሳ ጊዜ።

ስለዚህ በግሉም ሆነ በክለብ የሚሠራ ሰው ሊከተለው የሚገባው ነገር ብዙም ምስጢር የለውም። የአሜሪካ የጥንካሬ አሰልጣኞች ማኅበራት በ2019 ያወጡት መመሪያ ከረጅም እረፍት ለሚመለስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሩጫውን ከሙሉ ልኩ በ50 በመቶ፣ በሁለተኛው በ30፣ በሦስተኛው በ20፣ በአራተኛው በ10 በመቶ ይቀንሳል። ሙሉ ልኩ 16 የመቶ ያርድ ሩጫ ከሆነ በስምንት ይጀምራል፣ ወደ 11 ይሄዳል፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 14። በመጀመሪያው ሳምንት እረፍቱ የሩጫውን አራት እጥፍ ነው፤ 15 ሰከንድ የሮጠ አንድ ደቂቃ ይቆማል። አሰልጣኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፉት ቁጥሩን ሳይሆን ይህን እረፍት ነው፤ «ሰነፍ አደረጋችሁት» እንዳይባሉ።

ለተረከዝ ጅማት፦ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሳት፣ ጉልበት ተዘርግቶም ታጥፎም፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ። በአንድ እግር 25 ጊዜ በንጽህና ማንሳት ያልቻለ ሰው ወደ ኋላ ጥሎ ወደፊት መስፈንጠርን ገና አይለማመድ። ለኋላ ጭን፦ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚትን ሰው እንዲይዝ አድርጎ ደረትን በዝግታ ወደ መሬት ማውረድ፣ ኖርዲክ የሚሉት፤ እና በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ከሙሉ ፍጥነት 90 በመቶ በላይ፣ ጥቂት ሩጫ ብቻ፣ ሰውነት ሳይደክም። በልምምድ መጨረሻ ላይ «እስቲ ፍጥነታችሁን ልይ» ማለት የኋላ ጭን ጉዳትን በቀጠሮ መጥራት ነው።

ሜዳውም ይቆጠራል። ከ2012 እስከ 2016 ያለውን የሊጉን መረጃ ያየ ጥናት በሰው ሠራሽ ሣር ላይ የእግር ጉዳት በ16 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ክረምቱን ሙሉ በስፖርት ጫማ ጂም ውስጥ የቆየ እግር በአንድ ቀን ታኬታ አጥልቆ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሲወጣ መሬቱ ይይዘዋል፤ መሬቱ ያልለቀቀውን እግር ጉልበት ይከፍልለታል። ታኬታውን ከሳምንታት በፊት፣ በቀላል ሩጫ ማላመድ ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ይህ ሁሉ ወዴት ይወስደኛል? የጸደዩ ፕሮግራም ጥቅሙ አሰልጣኞች የሚሉት ቦታ ላይ አይደለም። ትልቁ ጥቅም የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ናቸው፤ ሸክሙ ቀስ ብሎ የሚጨምርበት፣ ወጌሻው እያየ፣ ክለቡ ዋስ ሆኖ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሆነው የኋለኛው የ11 በ11 ውድድር ነው። በ2021 የፊላደልፊያው አዲስ አሰልጣኝ ኒክ ሲሪያኒ ከተጫዋቾቹ ጋር ተነጋግሮ ልምምዱን አሳጠረ፣ ግዴታ የሆነውን ሚኒካምፕ ሳይቀር ሰረዘ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት እስከ ሱፐር ቦውል፣ እስከ ፍጻሜው ጨዋታ፣ ደረሰ። በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ግን አልጎዳቸውም።

የማን ኪስ?

ወዶ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል በሊጉ ውስጥ የሚሠራው ሥራም ይህ ነው። በክለቡ ሜዳ ኦቲኤ ላይ የተጎዳ ሰው በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል፣ የዓመቱ ደሞዙ ይከፈለዋል። ያው ሰው፣ ያው እንቅስቃሴ፣ ከአጥሩ ውጪ ከሆነ ምንም። ማኅበሩ ለጄምስ ተከራክሮ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ያገኘው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ ከአሥሩ።

ክለብ ፈቃዱ ከሆነ ግን መክፈል ይችላል። እንደ አሮን ሮጀርስ ያለ ታዋቂ ኳርተርባክ በግል ሜዳ ቢጎዳ ማንም ደሞዙን የሚያቋርጥ አይመስለኝም። ደንቡ የሚነክሰው ክለቡ አስቀድሞ ሊገላገለው የሚፈልገውን ሰው ነው፤ ጄምስ በ2019 ከፈረመ በኋላ ሜዳ ላይ የተሰለፈው ኳስ 63 ጊዜ ሲጀመር ብቻ ነበር።

ስለዚህ መልሱ እንደ ሰውየው ነው። ከ90 ሰው ዝርዝር ውስጥ ሰባኛው የሆነ ልጅ ምርጫ የለውም፤ በውድድሩ ወቅት ለሚቀሩት 53 ቦታዎች የሚታየው እዚያ ነው፣ ይሂድ። ለእሱ «በፈቃድህ» ማለት ቀልድ ነው። ውሉ ላይ የልምምድ ጉርሻ ያለበት ነባር ተጫዋች ደግሞ ስንት በመቶ ቀን ከተገኘ እንደሚከፈለው ያንብብ፤ ብዙ ውሎች ሁሉንም ቀን አይጠይቁም፣ የሚዘለሉትን ቀናት ከ11 በ11ዎቹ ይምረጥ። ጉርሻ የሌለው ባለ ትልቅ ደሞዝ ሰው ሜይ ላይ ቤቱ ሆኖ ቢሠራ በገንዘብ የሚያጣው የለም ይባላል። ስህተት ነው። የሚያጣው ዋስትናውን ነው። እኔ ብሆን ግቢው ውስጥ ሄጄ ክብደቴን አንስቼ፣ ሮጬ፣ 11 በ11 ሲጀመር ዳር ቆሜ እመለከት ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወላጆች

ይህን የምትጨርሱ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሚሊዮን ዶላር አይከፈለውም፤ ግን ሃይስኩል ውስጥ ከሆነ በጁን «ኦፕሽናል ዎርክአውት» (በፈቃደኝነት የሚደረግ ልምምድ) የሚል መልእክት ወደ ስልካችሁ ይመጣል። የሚቀርበትን ልጅ አሰልጣኙ እንደማይረሳው ልጁ ያውቃል። ለኛ ሰው «ፈቃድህ ከሆነ» ማለት ከልብ የሚባል ነገር ስለሆነ ቃሉን እንደወረደ እንቀበለዋለን፤ ልጁ ግን ግዴታ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ ይገባዋል።

እዚህ ዕድሜ ላይ ቀዳሚው አደጋ ጅማት ሳይሆን ሙቀት ነው። በሜይ 29፣ 2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመት ተጫዋች ጆርዳን ማክኔር ከውድድር ወቅት ውጪ በተጠራ ልምምድ ላይ የ110 ያርድ ሩጫዎችን ሲሮጥ በሙቀት ተመታ። በረዶ ውሃ ውስጥ አልተነከረም፤ ወደ 911 የተደወለው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ጁን 13 ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ሕጋዊና ሞራላዊ ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ቦታው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ።

በሃይስኩል የሙቀት ማላመጃው መመሪያ 14 ቀን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሄልሜት ብቻ፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሄልሜትና የትከሻ ፓድ፣ ሙሉ ትጥቅ ከስድስተኛው ቀን። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ከይፋዊው ልምምድ ነው። የጁኑ «ኦፕሽናል» ከዚያ በፊት ስለሚውል ማን ቀኑን እንደሚቆጥር ጠይቁ። ልጁ ወር ሙሉ አዲስ አበባ ለእረፍት ሄዶ ከተመለሰ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይደለም፤ የእሱ አንደኛ ቀን የሚጀምረው ወደ ልምምዱ በተመለሰበት ዕለት ነው። ይህን ለአሰልጣኙ በጽሑፍ ንገሩት፤ ልጁ እፍረት ይዞት አይናገርም።

ከተጎዳ የማን ኢንሹራንስ ቀድሞ እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የእናንተው ነው፣ የትምህርት ቤቱ ከኋላ የሚመጣ ነው። የሐኪም ምርመራ ፎርሙ ለኦገስት ሳይሆን ለጁን የተሞላ መሆኑን አረጋግጡ። በልምምዱ ቀን አትሌቲክ ትሬነር፣ ማለትም ወጌሻው፣ ሜዳው ላይ ይገኛል ወይስ በይፋዊው ልምምድ ብቻ ነው የሚመጣው? ለእኔ የሚወስነው ጥያቄ ይሄኛው ነው። ካልተገኘ ልጁ ክብደት ያንሳ፣ ሩጫው ይቅር።

ደግሞም ስለ በረዶ ውሃ ገንዳው ጠይቁ። ልጅ ሲዘባርቅ፣ ሲንገዳገድ፣ የት እንዳለ ሲጠፋው፣ አንዱ 911 እየደወለ ሌሎቹ እስከ አንገቱ በረዶ ውሃ ውስጥ ያስገቡታል፣ ውሃውን ያማስሉታል፣ የውስጥ ሙቀቱ ወደ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪወርድ አያወጡትም፤ ማቀዝቀዝ ይቀድማል፣ አምቡላንሱ ይከተላል። ለዚህ ያለው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። «ገንዳ አለን» ካሏችሁ፣ በጁን ጠዋት በረዶውን የሚሞላው ማን እንደሆነ ስሙን ይንገሯችሁ።